ኩላብ ላይ የተሰቀለው ጠመንጃ

አባቴ ሐይቅ ከተማ ውስጥ በርና መስኮት ይሠራል። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ አብሬው እንጨት አለሰልሳለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እገጥማለሁ። ስለዚህ ባለፈው መኸር አያቶቼ ዘንድ አምባሰል ወጥቼ፣ ወንድ አያቴ "ጠመንጃዬ እንጨቱ ላላብኝ" ሲሉ ስሰማ፣ ይሄማ የኔ ሥራ ነው አልኩ። እሳቸው አልጠየቁኝም። እኔም እስኪጠይቁኝ አልጠበቅሁም።

ጠመንጃው የድሮ ነው። ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን ተጣምረውለት፣ ወገቡ ላይ ታጥፎ ሲከፈት ጥይት ከኋላ የሚጎርስ። አባባ (አያቴን እንዲህ ነው የምጠራቸው) ማሽላው ሲያሸት ማማ ላይ ሆነው ዝንጀሮ የሚያባርሩት በሱ ነው። የላላው ከአፈሙዞቹ ሥር ያለው፣ ግራ እጅ የሚይዘው እንጨት ነው። ዕድሜ አድርቆት ከብረቱ ጋር አልገጥም ብሎ፣ ሲነኩት እንደ ወላቃ ጥርስ ይወዛወዛል። ጠመንጃውን ሲከፍቱትማ ጭራሽ ወልቆ መሬት ነው። አንድ ቀን ማማው ላይ ሲወድቅባቸው ተናደው፣ የብስክሌት ከመነዳሪ ቀደው እንጨቱንና ብረቱን አንድ ላይ ጥፍር አድርገው አሰሩት። ከዚያ ወዲህ አልተኮሱበትም። ዝንጀሮው እንደሆነ መልኩን አይቶ ይሸሻል።

የአባባ ቤት ደንብ አለው፤ ጠመንጃ ሳይከፈት ደጃፍ አያልፍም። ከማማ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው፣ "ቢስሚላህ" ብለው ከፍተው፣ በሁለቱ ቀዳዳ ብርሃን አይተው፣ ቤት ላለውም ሰው አሳይተው ነው የሚገቡት። ስለዚህ ግድግዳው ኩላብ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ባዶ ነው። ይህን አፌን ሳልፈታ ነው የማውቀው።

አባባ ወደ ማሳ በሄዱበት አንድ ጠዋት ከኩላቡ አወረድኩት። ጎማውን ፈታሁ፣ እንጨቱን አወጣሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። ከሐይቅ ይዤው የመጣሁትን ነጭ ኮላ ከእንጨት ብናኝ ጋር ለውሼ፣ ክፍተት የተባለውን ሁሉ ሞላሁበት። መልሼ አስሬ ፀሐይ ላይ አጋደምኩት። ከቀትር በኋላ ጎማውን ስፈታው፣ ወላሂ፣ ንቅንቅ የለም! ብቻዬን ሳቅሁ።

አባባ ሲመጡ ለሰላምታ እንኳ ጊዜ አልሰጠኋቸውም።

"አባባ፣ ይያዙት! ነቅነቅ ያድርጉት!"

ያዙት፤ ነቀነቁት። ፊታቸው በራ።

"አጂብ! አንቺ ልጅ፣ አባትሽስ ቁምነገር አስተምሮሻል። ሸጋ ነው!"

ከዚያ ሊከፍቱት መክፈቻውን ገፉ። አልተከፈተም። ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ተጫኑት። እምቢ አለ። ኮላዬ መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ደርቋል።

"ስትሠሪው ከፍተሽ አይተሻል?"

"ምኑን?"

"ውስጡን ነዋ!"

"ኩላብ ላይ ነበር እኮ፣ አባባ።"

ፊታቸው አመድ መሰለ። ጎማውን ካሰሩበት ቀን ጀምሮ፣ ሁለት ወር ሙሉ፣ ጠመንጃው ሳይከፈት ነው ደጃፍ ሲያልፍ የከረመው። ለካ ከታሰረ ሊከፈት አይችልም! ለካ ደንቡን ያፈረሰው ያ ጎማ ነው!

"ጎርሷል እንዴ?" አልኳቸው።

"እኔ እንጃ።"

አባባ "እኔ እንጃ" ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ጠመንጃውን ወደ ደጅ አውጥተው፣ አፈሙዙን ወደ አፈር ቁልሉ አዙረው አጋደሙት።

"አንቺ ቤት ግቢ።"

"ኮላው የት የት እንደገባ የማውቀው እኔ ነኝ። ሙቅ ውሃ ነው የሚያላቅቀው።"

"ግቢ አልኩሽ!"

"አባባ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል።"

እንዲህ ማለቴን እስካሁን ማመን ያቅተኛል። እጃቸውን አዩት። ከዚያ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው፣ "ከጎኑ ሁኚ። ከፊቱም ከኋላውም እንዳትዞሪ። ቃታው ዘንድ እጅሽ ዝር እንዳይል" አሉኝ።

ጨርቅ ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ አለበስኩት። ሲቀዘቅዝ ሌላ፣ ሲቀዘቅዝ ሌላ። ኮላው ቀስ በቀስ እንደ እርጎ ነጣ፤ በስንጥር ፈለቀቅሁት። በመጨረሻ እንጨቱ ለቀቀ፤ መታጠፊያውን ጠረግሁ። አባባ "ቢስሚላህ" ብለው ተጫኑት።

ተከፈተ። ግራው ባዶ ነበር። ቀኙ ውስጥ ግን የጥይት ቂጥ፣ ሻጋታ የመሰለ አረንጓዴ የያዘ ነሐስ፣ አፍጥጦ አየን።

አባባ አውጥተው መዳፋቸው ላይ ያዙት። "ያ ረቢ" ብቻ አሉ። ሊደብቁት ይችሉ ነበር፤ ከእኔና ከእሳቸው በቀር ያየ የለም። እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ወደ ሴት አያቴ፣ ወደ እማማ፣ ገቡና "ጎርሶ ነበር" አሏቸው።

የእማማ መስገጃ የሚነጠፈው ከዚያ ኩላብ ሥር ነው። ጥይቱን አዩ፣ ኩላቡን አዩ፣ መስገጃውን አዩ።

"ሁለተኛ ሚስት ካማረዎ በአፍዎ አይናገሩም ነበር? ሱጁድ ላይ እንዳለሁ ነው የሚያስገድሉኝ?"

እማማ በራሳቸው ቀልድ ሳቁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያዙ።

በማግስቱ እንጨቱን እንደገና ገጠምኩት። አሁን ያለ ኮላ ነው፤ ውስጡን ስስ የፍየል ቆዳ አለበስኩት። ይገባል፣ ይወጣል፣ አይወዛወዝም። አባባ እየደጋገሙ ከፈቱት፣ እየደጋገሙ ዘጉት።

"ሥራ ማለት ይኸው ነው" አሉኝ። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ አሁንም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል።

ግን ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ። ያን ጠዋት እንጨቱን ፈትጌ ስጨርስ፣ ብናኙ አፈሙዞቹ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጠመንጃውን በሰደፉ አቆምኩት፤ ጎንበስ ብዬ፣ አፌን አስጠግቼ፣ እፍ አልኩበት። መጀመሪያ ግራውን። ቀጥሎ ቀኙን።