ባዶ ቦታ የማይተዉት መምህር

ጡረታ የወጣው አካላቸው ብቻ ነው። ቀይ እስክሪብቷቸው ዛሬም ደረት ኪሳቸው ላይ ተሰክቶ ስሕተት ያድናል፤ የሰውን እንጂ የራሳቸውን አይደለም፤ የራሳቸው ተገኝቶ አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። ተማሪዎቻቸው ክፍልፋይ ይሏቸው ነበር።

በግቢያቸው ከጀርባ አራት ክፍሎች አሉ። ሦስቱ ተከራይተዋል። በአራተኛዋ ታላቅ እህታቸው ከነስፌት መኪናቸው ያለ ኪራይ ይኖራሉ። ያለ ኪራይ መባሉም ለወጉ ነው እንጂ፣ መምህሩን አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ያበቃው ያው የስፌት መኪና ነው።

የኪራይ ገቢያችሁን አስታውቁ የሚል ወረቀት ከግብር ቢሮ ሲመጣ፣ እህትየው ለሚያውቅ ሰው ስጠው ብለው መከሩ። መምህሩም ለይምሰል ያህል ከመንገድ ማዶ ወዳለው የሒሳብ ባለሙያ ጎራ አሉ። ባለሙያው የድሮ ተማሪያቸው ነው፤ በዚያ ቀይ እስክሪብቶ ሰባተኛ ክፍልን ደግሟል። ከወንበሩ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው፤ ዋጋውን ግን ተቀምጦ ነገራቸው። የአንዲት ክፍል የወር ኪራይ።

«መደመር ያስተማርኩህ እኔ፣ ለመደመር የምከፍልህም እኔ?»

«ጋሼ፣ የሚከፈለው ለመደመሩ አይደለም። የቱ እንደማይደመር ለማወቁ ነው።»

መምህሩ እንደ ስድብ ቆጥረውት ወጡ። ከተማሪ አፍ የወጣ እውነት ሁሉ ለእሳቸው ስድብ ነው።

ቤታቸው ገብተው ቅጹን በማስመሪያ እየለኩ ሞሉ። የአራተኛዋ ክፍል ኪራይ የሚጻፍበት ሳጥን ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ሌላ ሰው ቢሆን ሰረዝ አድርጎ ያልፈዋል። ክፍልፋይ ግን «ባዶ ቦታ ዜሮ ያሰጣል፤ ባታውቁ እንኳ ገምታችሁ ሙሉ» እያሉ የሰው ልጅ ሲያስጨንቁ የኖሩ ናቸው። ገመቱ። ክፍሏ ብትከራይ የምታወጣውን፣ ለክብራቸው ትንሽ ጣል አድርገውበት፣ ባማረ ጽሕፈት ጻፉ።

ግብሩ በአራት ክፍል ተሰልቶ መጣ። ሊጣሉ ቢሮ ሄዱ። ሠራተኛዋ የገዛ ጽሕፈታቸውን አዙራ አሳየቻቸውና፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ተሳስቼ ነው የሞላሁት ብለው ከፈረሙ እንደሚስተካከል ነገረቻቸው። እስክሪብቶ እንኳ አቀበለቻቸው። አስቸኳይ ጉዳይ አለብኝ ብለው ወጡ። ጡረተኛ፣ አስቸኳይ ጉዳይ!

ሲመለሱ ባለሙያው በሩ ላይ ቆሞ ወረቀቱን ከእጃቸው አየና ነገሩ ገባው። ማመልከቻውን በነጻ ልጻፍልዎት፣ እርስዎ መፈረም ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት አላቸው። ነጻው ከዋጋው ባሰባቸው። የጣሉት ተማሪ ሊያነሳቸው!

ሠላሳው ቀን አለፈ። ወረቀቱን ከማቅናት እህታቸውን ማጉበጥ ቀለላቸው። በማግስቱ ማለዳ የእህታቸው በር ላይ ቆመው፣ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ፣ ሕግ ሕግ ስለሆነ ከእንግዲህ የክፍሏን ኪራይ መክፈል እንደሚኖርባቸው አስረዱ። እህትየው እግራቸውን ከመኪናው መርገጫ ሳያነሱ ሰሙና ቅጹን አምጣ አሉ። መነጽራቸውን አጥልቀው አነበቡ።

«ይኼ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የኔ ነው እትዬ፣ ግን...»

«ስንት ብለህ ነው የጻፍከኝ?»

መምህሩ ቁጥሩን ማንበብ አቃታቸው።

«ተሳስቻለሁ ብትላቸውስ?»

«ቀኑ አልፏል።»

«ለኔስ ብትለኝ? የኔም ቀን አልፏል?»

መምህሩ ቅጹን ተቀብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሁለቱ አንድ ቤት ሲገናኙ የሚለቀው ሦስተኛው ሰው ነው። በሳምንቱ የስፌት መኪናው በጋሪ ተጭኖ ወጣ። እህትየው ከአንዲት የሥራ ጓደኛቸው ጋር ሊዳበሉ ተከትለውት ሄዱ።

ክፍሏን አንድ የእጅ ሰዓት ጠጋኝ ተከራያት፤ መምህሩ ከገመቱት አንድ አምስተኛ አስቀንሶ። በዓመቱ አዲስ ቅጽ መጣ። ቁጥሩን ዝቅ ቢያደርጉ አምና ተሳስቼ ነበር ማለት ሊሆን ነው። ያንኑ ጻፉ። የልዩነቱን ግብር ከጡረታቸው ይከፍላሉ፤ በየዓመቱ፣ ሳይሳሳቱ።