ሙጋዊል የሆንኩበት ኸሪፍ

ባለፈው ሳምንት የሥራ ተቋራጭነት ፈቃዴን እንደገና ለማስመዝገብ ወረፋ ይዤ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ካርቱም ባሕሪ የነበረው ቢሮዬ ሲዘረፍ ወረቀቶቼም አብረው ስለጠፉ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ጀማሪ ከሀ ሁ መነሣት ግድ ሆነብኝ። ቅጹ ላይ «የመጀመሪያ ሥራ» የሚል መስመር አለ። «አርካዊት፣ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ» ብዬ ጻፍኩና እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ «ያላ፣ ያ ኻላ! ቶሎ በይ እንጂ!» ብሎ እስኪያጣድፈኝ ድረስ ሐሳቤ ሌላ ዘመን ውስጥ ነበር።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። እናቴ ዘይነባ ከወሎ ተነሥታ በመተማ በኩል ካርቱም የገባችው ገና በልጅነቷ ነው። አባቴ ሱዳናዊ ሾፌር ነበር። እሱ ቶሎ ቢሞትብንም ዜግነቱ ለእኔ ተርፎኛል፤ ኋላ ጅንሲያ፣ የዜግነት ወረቀት፣ አምጪ ስባል ያልተቸገርኩት በእሱ ነው። ቤታችን ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ቢሆንም እናቴ ዕድሜዋን የፈጀችው ከወንዙ ማዶ አርካዊት፣ ሐጃ ኢልሃም ቤት ስትሠራ ነው። እኔም ከትምህርት ቤት መልስ እዚያው እሄድና ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አጠና ነበር። ሐጃ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ስለነበረች የዐረብኛ ጽሕፈቴን በቀይ እስክሪብቶ ታርምልኛለች። ፊደሌ ዛሬም የእሷን ፊደል ይመስላል።

ልጅ ሆኜ ነገር መፈልፈል እወድ ነበር፤ ግድግዳ ውስጥ ምን አለ፣ ጣሪያውን የያዘው ምንድን ነው፣ ውኃው በየት በኩል ይሄዳል። ይሄው ጠባዬ የግንባታ ትምህርት ቤት አስገባኝ። ከተመረቅሁ በኋላ አራት ዓመት ባሕሪ ውስጥ በሰዎች ስም ሠራሁ። ካርቱም ውስጥ ሥራ ተቋራጩን ሙጋዊል ይሉታል፤ እኔ ስገነባ ሕንፃው የሙጋዊሉ ይባላል፣ እኔ ደግሞ «የሐበሻዋ ልጅ» እባላለሁ። በራሴ ስም ለመመዝገብ ከወረቀቱ ሁሉ የከበደኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ራሴ አሠርቼ የጨረስኩትን አንድ ሥራ ለኮሚቴ ማሳየት። የመጀመሪያውን ሥራ ያለ ፈቃድ ማን ይሰጣል?

ሐጃ ሰጠችኝ። ልጇ ሊያገባ ነበርና ግቢው ጥግ ላይ ሁለት ክፍልና በረንዳ እንድሠራለት ጠየቀችኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ መሐረቧን አፏ ላይ ያዘች። ሃያ ዓመት የጠረገችው ግቢ ውስጥ ልጇ ቤት ልትሠራ ነው።

መሠረት በተቆፈረ በሦስተኛው ቀን ከበረንዳው በኩል ያለው ጥግ ላይ የአንዱ ሠራተኛ አካፋ እስከ እጀታው ሰመጠ። አፈሩን ገለጥ ስናደርግ የድሮ የመጸዳጃ ጉድጓድ አፍ ነው። ጠጠር ወረወርኩና ጆሮዬን አስጠጋሁ። ድምፁ ዘገየ። ፈራሁም፣ ደስም አለኝ፤ ምድር ሆዷን የከፈተችልኝ ያህል።

ግንበኛው ኡስታ ሙርሳል ቤት በመሥራት የሸበተ ሰው ነበር። «ፍርስራሽ እንሙላበትና እንጠቅጥቀው፤ ኢንሻአላህ ምንም አይሆንም» አለኝ።

ትክክሉን አውቀው ነበር። ጉድጓዱን እስከ ጠንካራው አፈር ማጽዳት፣ ወይም አፉ ላይ በወፍራም ፌሮ የታሰረ ኮንክሪት ማሻገር ያስፈልጋል። ሁለቱም ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ሠርጉ ደግሞ ደርሷል። በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ሞሉት።

ማታ በሐፍላ አውቶቡስ ወደ ሐጅ ዩሱፍ ስንመለስ እናቴ «ያ ጉድጓድ ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ሞላነው።»

«ለሐጃ ነግረሻታል?»

«ምን ይሠራላታል እማ? ትጨነቃለች እንጂ።»

መስኮቱን ተደግፋ ድልድዩን እስክንሻገር ውኃውን ስታይ ቆየች። ከዚያ በኋላ አላነሣችውም።

ቤቱ አለቀ፤ ሠርጉም ሆነ። ሙሽሮቹ ገብተው ጥቂት ወራት እንደቆዩ ኮሚቴው መጣ። ሁለት ሰዎች ናቸው። ወጣቱ በሜትር እየለካ ይጽፋል። ሽማግሌውን መሐንዲስ ሁሉም ባሽሙሀንዲስ ዑስማን ይሏቸዋል፤ ጉንጫቸው የገባ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ግድግዳውን በእጃቸው ጀርባ ይነካሉ እንጂ ብዙም አይናገሩም። ሙቀቱ የኸሪፍ፣ የዝናቡ ወራት፣ ዋዜማ ሙቀት ነበር፤ ሰማዩ አፈር ለብሷል። እናቴ የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል ከትኩስ የሽንብራ ጠዕሚያ ጋር በረንዳው ላይ አቀረበች። ሐጃ ኢልሃም ልጇን እንደምትድር ሴት ለብሳ «ይህቺን ልጅ እኔ ነኝ ጽሕፈት ያስተማርኳት» እያለች ታስተናግዳለች።

ባሽሙሀንዲስ ዑስማን በልተው እጃቸውን ታጠቡና ወደ እኔ ዞሩ።

«የሚታየውን አየነው፤ ማሻአላህ። አሁን የማይታየውን ንገሪኝ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ።»

«የማይታየውን?»

«እዚህ ቤት ውስጥ አንቺ የምታውቂው፣ እኛ ግን ብንዞር ብንዞር የማናየው ምን አለ?»

ስለ ፌሮው ብዛት መናገር እችል ነበር። አፌን ከፍቼ የጀመርኩትም እሱን ነው። ግን ሰውየው ሲጠይቁ እንደ ፈታኝ አልነበሩም፤ ዓይናቸው ውስጥ ያየሁት እኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኬ ጠጠር ስወረውር የነበረኝ ዓይነት ጉጉት ነው። በእውነት ማወቅ ፈልገዋል። እናቴን አየኋት። ትሪውን እንደያዘች ቆማለች።

«እዚያ ጥግ ሥር የድሮ ጉድጓድ አለ» አልኩ። «ፍርስራሽ ሞልቼበታለሁ። በትክክል አልሠራሁትም።»

ወጣቱ መጻፉን አቆመ። አካፋ ተጠየቀ። ከመሠረቱ ጎን ክንድ ተኩል ያህል እንደተቆፈረ ሽማግሌው በሆዳቸው ተኙና እጃቸውን ከመሠረቱ ሥር ሰደዱ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ገባ። የሞላነው ፍርስራሽ ወደ ታች ወርዶ፣ መሠረቱ ባዶ ላይ ቆሟል።

«ነይ አንቺም ንኪው» አሉኝ። እኔም አጠገባቸው ተኝቼ እጄን ሰደድኩ። አየሩ ቀዝቃዛ ነበር። ያ ቅዝቃዜ ዛሬም መዳፌ ላይ አለ።

ስነሣ ሐጃ ከላይ ቆማ ታየኛለች። «ልጄና ሚስቱ እዚህ ነው የሚተኙት» አለች፤ አልጮኸችም። «ከኩሽናዬ በልተሽ ያደግሽ ልጅ!»

እናቴ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ሐጃ፣ እኔም አውቅ ነበር። ወላሂ አውቅ ነበር።»

ሐጃ ወደ ውስጥ ገባች።

ባሽሙሀንዲስ ዑስማን ጀላቢያቸውን አራግፈው ቅጹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «አልፈርምም» አሉ። «ኸሪፉ ከመግባቱ በፊት አስተካክዪው። ኸሪፉ ካለፈ በኋላ መጥቼ አየዋለሁ።»

ሙሽሮቹ ወደ ዋናው ቤት ተዛወሩ። እኔና ኡስታ ሙርሳል ጥጉን በእንጨት ደግፈን፣ ከታች በትንሽ በትንሹ እየቆፈርን ፍርስራሹን ሁሉ አወጣነው። ጠንካራው አፈር ስንደርስ ኡስታ ሙርሳል ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ «ሽበቴ ነው ያሳሳተሽ» አለኝ። በኮንክሪት ሞልተን አፉ ላይ ቢም አሻገርንበት። ያን ሁሉ ጊዜ እናቴ እንደወትሮዋ በጠዋት ትገባለች። ሐጃ ስለ ሥራ ብቻ ታናግራታለች፤ እኔን ደግሞ ጭራሽ አታየኝም። እናቴን «ተይው፣ አትሂጂ» ብላት «አንቺ ጥግሽን አስተካክዪ፣ የእኔን ለእኔ ተይልኝ» አለችኝ።

ዝናቡ ሲመጣ በኃይል መጣ። መጀመሪያ ከተማውን ሁሉ ቀይ ያደረገ አቧራ ተነሣ፤ ወዲያው ውኃው ወረደ። ሐጅ ዩሱፍ ጭቃ ሆና ባለ ሦስት እግር ረክሻዎች መንገድ ላይ ሲቀሩ፣ እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ አርካዊት እሄዳለሁ። ግድግዳው ላይ ጥፍር የማያህል ስንጥቅ እንኳ ፈለግሁ። አልነበረም።

ከኸሪፍ በኋላ ሽማግሌው እንዳሉት መጡ። አሁንም በሆዳቸው ተኝተው ያስከፈትኩላቸውን ቦታ አዩ፤ ተነሥተው በረንዳው ላይ ፈረሙ። ከሁሉ ዝቅተኛው ደረጃ ነበር፤ ግን ስሜ ያለበት ፈቃድ ነው። ሐጃ ከደጃፉ «መብሩክ» አለችኝ፤ እንኳን ደስ አለሽ ለማለት ያህል። ከሁለት ዓመት በኋላ ፎቅ ስትጨምር ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠችው።

ኋላ ላይ አንድ የሙያ ጓደኛዬ ሽማግሌው ያንኑ ጥያቄ እሱንም ጠይቀውት እንደነበር አጫወተኝ። «ምንም የተደበቀ የለም» ብሎ መለሰላቸው፤ በዚያው ቀን ፈረሙለት። ባሽሙሀንዲስ ዑስማን ሳልጠይቃቸው ሞቱ። ጥጉ ላይ የሆነ ነገር አይተው ይሁን፣ ወይስ ማንንም እንዲያው ይጠይቁ እንደሆን አላወቅሁም።

እናቴ ያረፈች ጊዜ ሐጃ ኢልሃም በከዘራ እየተደገፈች፣ በረክሻ ሐጅ ዩሱፍ ድረስ መጣች። ሦስቱንም ቀን ሐዘናችን ላይ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀንስ አጠገቤ ተጠጋችና፣ እንደ ልጅነቴ እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦

«በጉድጓዱ የተናደድኩ ይመስልሻል አይደል? ጉድጓድ የትም አለ። ለማታውቂው ሰው ነገርሽው፤ ለእኔ አልነገርሽኝም።»

እስከዚያች ቀን ድረስ፣ እውነቱን በመናገሬ ሥራዋን ያጣሁ፣ በመጠኑም የተበደልኩ ሰው አድርጌ ነበር ራሴን የማየው።

ከዚያ ወዲህ ስንት ቤት ሠራሁ፤ መሬት ስንት ነገር አሳየችኝ፤ የጠመመውንም የጎደለውንም መጀመሪያ ለባለቤቱ እናገራለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ሻይ ያስቀርባል። ሰው ምን እንደሚል አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ያን ቀን አካፋው ሲሰምጥ ግቢውን አቋርጬ፣ በሯን አንኳኩቼ «ሐጃ፣ ነይ እዪ» ብላት ኖሮ ምን ትል ነበር? ሠርጉን ታራዝመው ነበር? ወይስ እሷም ጎንበስ ብላ ጠጠር ትወረውር ነበር? ይህን ያህል ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ መልሱን አላውቀውም።