ሞልቷል ያልኩባቸው ቅዳሜዎች

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተንፍሼ አላውቅም። ለአንተ ለአንባቢዬ የምነግርህ ፊቴን ስለማታይ ነው መሰለኝ።

ያኔ ደሴ ውስጥ ኢንተርኔት ለመጠቀም ወረፋ የምንይዝበት ጊዜ ነበር። ፒያሳ ላለ አንድ የሙዚቃ ማሠልጠኛ ድረ ገጽ ሠራሁ። ተማሪው መምህሩንና ሰዓቱን መርጦ ይመዘገባል፤ ሰዓቱ ሲያዝ «ሞልቷል» ይላል። ሌላ መመዝገቢያ አልነበረም፤ ምዝገባውንም የምቆጣጠረው እኔው ነበርኩ። እንዴት ኮርቼ ነበር!

በገና የሚያስተምሩት የኔታ ላቀው በየቅዳሜው ከኩታበር በሚኒባስ ይመጡ ነበር። እኔም እሳቸው ዘንድ በገና ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን በተማሪ ፊት፣ «ልጄ፣ ጣትህ ይቸኩላል፤ አንተስ ኮምፒውተርህ ይሻልሃል» አሉኝ። ሰው ሳቀ። በቃ፣ ምክንያቴ ይኸው ነው። ይሄ ምክንያት ይባላል?

ሁዳዴ ሲቃረብ የአዲሱ ዙር ምዝገባ ተከፈተ፤ ነባሩም ተማሪ እንደገና ይመዘገባል። በጾሙ በገና ፈላጊው ብዙ ነው። እኔ ግን ድረ ገጹ ላይ በየኔታ ቅዳሜዎች ሁሉ «ሞልቷል» ብዬ ጻፍኩ። አንድም ሰው ሳይመዘገብ! እኔ ነኝ ያደረግኩት፣ በገዛ እጄ። ለአንድ ሳምንት ብቻ ላናድዳቸው ብዬ ነበር፤ እስከ ፋሲካ አልከፈትኩትም።

የኔታ ግን አልቀሩም። አሥሩንም አውታር ቃኝተው ባዶ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ።

«ዛሬስ የተመዘገበ አለ?»

«የለም፣ የኔታ።»

ኮምፒውተር አያውቁም፤ ያመኑት እኔን ነው። በመጨረሻው ቅዳሜ በገናቸውን በጋቢያቸው ጠቀለሉና፣ «እንግዲህ የሚፈልገኝ ሰው የለም። አንተ ግን ደክመህልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብለውኝ ወጡ። ሮጬ ብደርስባቸው ምን ነበረበት? ከወንበሬ አልተነሳሁም። ፈሪ! በዓመቱ ማረፋቸውን ሰማሁ፤ በገናውን ዳግመኛ አላነሱትም አሉ።

በቀደም ኮምቦልቻ ባጃጅ ውስጥ አንዲት ሴት ለየችኝ።

«ድረ ገጹን የሠራኸው አንተ አይደለህ? ኧረ የኔታ ላቀው ዘንድ ለመመዝገብ ስንቴ ሞከርኩ መሰለህ! ሁልጊዜ ሞልቷል ነው የሚለው። ምን ያለ ተፈላጊ ሰው ነበሩ!»

«አዎ፣ ነበሩ» አልኳት።

እውነቴን ነው። እሳቸው ግን ይህን ሳይሰሙ ሞቱ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም።