ሁለቴ ጠርቶ የሚዘጋው ስልክ

ወንድሜ አንድ ሳምንት ሙሉ ውሸታም ብሎኛል። ይህን ያህል ጊዜ አልፎ እንኳ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ያኔ ውጭ አገር፣ ግራንድ ፕሬሪ የምትባል ከተማ ነበር የምንኖረው፤ እሱ፣ ሚስቱና እኔ። በአሥራ አራት ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ፤ ሚስቱን ደግሞ እትዬ። ጠዋት መጋዘን ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ የዲግሪውን የመጨረሻ ሥራ ይዞ መኝታ ቤት ይቀመጣል። ሥራው ከርነል መጻፍ ነበር። ከርነል ማለት ከሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ ሥር ሆኖ ማሽኑን፣ ኮምፒውተሩን፣ የሚያዘው ፕሮግራም ነው። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ቅዳሜ ጠዋት ቤድፎርድ ውስጥ የአዋቂዎች ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ነበረኝ። ፈተናው ያመለጠው ሰው እስከሚቀጥለው ተርም ይጠብቃል። ያለ መኪና ደግሞ አይደረስም፤ ከሦስታችን መኪና የሚነዳው እሱ ብቻ ነበር።

ሚስቱ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ምግብ ቤት ትሠራለች። ሥራዋ ሲያልቅ ከሕዝብ ስልክ ትደውልና ሁለቴ ሲጠራ ትዘጋለች፤ ስላልተነሳ ሳንቲሙ ይመለስላታል። የምናውቃቸው ሰዎች ሁሉ እንዲህ ያደርጉ ነበር። ሁለቴ ጠርቶ ከተዘጋ «ጨርሻለሁ፣ ና» ማለት ነው። ጋሼ ያንን ሲሰማ ከየትም ተነስቶ ቁልፉን ይዞ ይወጣል።

ሰኞ ዕለት ሚስቱን ይዞ ሲመለስ መኝታ ቤት ገባና ጮኸ። ማሽኑ ቀጥ ብሏል። ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ሲቆጥር የነበረው ቁጥር ስክሪኑ ላይ ደርቋል።

«ይሄን ማን ነካው?»

«እኔ አልነካሁም ጋሼ።»

«ሌላ ማን አለ? ድመት የለን!»

ሚስቱ ጫማዋን እያወለቀች «ኧረ ተዋት፣ ስትወለውል ገመዱን ገፍታው ይሆናል» አለች። የተከላከለችልኝ እሷ ብቻ ናት፤ እሷም በዚህ ነው የተከላከለችልኝ።

ማክሰኞም ቆመ። በማግስቱም ቆመ። የዚያን ቀን አብሮት የሚማር የቸርች ጓደኛው መጥቶ ነበር። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ እነሱ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። ጋሼ ሥራውን ሊያስረዳው ፈለገና ቢላዋ ወደያዝኩት ወደ እኔ ጠቆመ።

«ይህችን እያት። እየከተፈች በር ተንኳኳ እንበል። ቢላዋውን ታስቀምጣለች፣ የት እንደደረሰች ትይዛለች፣ በሩን ትከፍታለች፣ ተመልሳ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ኢንተረፕት ይሄ ነው። ከውጭ ነው የሚመጣው።»

«ትራፕ የሚባለውስ?»

«ጣቷን ስትቆርጥ! ጥፋቱ የራሷ ነው፤ ግን ያም ቢሆን አቁማ፣ በፕላስተር አሽጋ፣ ትቀጥላለች። የእኔ መሞከሪያ ፕሮግራም ሆን ብሎ ሲሳሳት ነው የሚውለው። በዜሮ አካፍል ይላል፣ ከርነሉ ይይዘዋል፣ አንድ ብሎ ይቆጥራል፣ ይመልሰዋል።»

«ሶ ይህቺ ቀኑን ሙሉ ጣቷን ስትቆርጥ ነው የምትውለው» አለ ጓደኛው። ሳቁ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ከተፍኩ።

«የት እንደደረሰች የምትይዘውስ የት ነው?» ሲል ጓደኛው ጠየቀ።

«አንድ ቦታ አለኝ፣ እዚያ እጽፈዋለሁ።»

«ከውጭ የሚሰማው ምንድን ነው?»

«ኪቦርዱንና ሞደሙን ብቻ። አንድ ቀን እየቆጠረ ቁልፍ ስጫን ቀጥ ብሎ ነበር። ሶ ስወጣ የሚነካ ሰው አለ ማለት ነው።»

ጓደኛው «ሞደሙ ማሽኑን ከስልኩ መስመር ጋር ያገናኘዋል አይደል? ስልክ ተደውሎ ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

ጋሼ «ማንም አልደወለም» አለ። ሚስቱም አልደወለም አለች። እኔንም ጠየቁኝ፤ እኔም አልደወለም አልኩ።

ጓደኛው ሲሄድ ጋሼ ወጥ ቤት በር ላይ ቆመ። «እሑድ ቸርች ስንሄድ ክፍት ትቼው ነበር። አልቆመም። ኦኬ? ስትኖሪ ይቆማል፣ ሳትኖሪ ይሠራል። ነክቻለሁ በይና ቅዳሜ አደርስሻለሁ። ማለቴ፣ እውነቱን ብቻ ነው የምፈልገው።»

ልል ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። ፈተናው አጠገቤ ደርሶ፣ ለአንዲት ቃል ብዬ ላጣው ነው። ግን ያንን ቃል ብል ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የሚሰበር ብርጭቆ ሁሉ የኔ እንደሚሆን አወቅሁ። አፌን ዘጋሁት። እሱም «እንግዲህ ቅዳሜ በእግርሽ» ብሎኝ ሄደ።

ሐሙስ ዕለት ምሳ እንደበላን መኝታ ቤት ገብቼ ከማሽኑ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቁጥሩን አየሁ። ጋሼ ሳሎን ያነባል። ቁጥሩ ይሮጣል፣ እኔ አያለሁ፤ ዓይኔ ቢያቃጥለኝም አልተነሳሁም። ስልኩ ጠራ። ቁጥሩ ሮጠ። ሁለተኛ ጠራ፤ ቁጥሩ ቆመ። ሳሎን ውስጥ የቁልፍ ድምፅ ተሰማ፣ የውጭ በር ተዘጋ። ሄደ።

ሲመለሱ እዚያው ነበርኩ። ገና ሳያየው «ስልክ ሲደወል ነው የሚቆመው» አልኩት።

«ማን ደወለ?»

«እትዬ ናቸዋ! ሁለቴ!»

«እሱ ስልክ አይደለም፣ ምልክት ነው» አለ፤ ቃሉ አፉ ላይ እያለ ግን ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ወዲያው ተመልሶ ተከራካሪ ሆነ። «ቢሆንስ? ሞደሙ ሲጠራ የሚቀበለውን ራሴ ጽፌዋለሁ።»

ከወለሉ ተነሳሁ።

«ጣቴን ቆርጬ እያሸግኩ በር ቢንኳኳስ? ሽንኩርቱ ላይ የት እንደደረስኩ ያቺ አንድ ቦታህ ላይ ጽፈሃል። በሩን ለመክፈት ስሄድ ማሸጉ የት እንደደረሰ የት ትጽፈዋለህ?»

ስክሪኑን አየ፤ እኔ ቀጠልኩ።

«እላዩ ላይ ነው የምትጽፈው አይደል? ሽንኩርቱ ጠፋ። እኔ ቀኑን ሙሉ በላይ በላዩ ስትጠሩኝ አንዱንም አልጥልም። አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሬ፣ ከላይኛው ጀምሬ እመለሳለሁ። አንተ የጻፍከው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚይዘው።»

በሕይወቴ ይህን ያህል ለእሱ ተናግሬ አላውቅም። ሚስቱ በሩ ላይ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቀረች። ጋሼ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና መጻፍ ጀመረ። ወደኔ አልዞረም። እራት አቀረብኩለት፤ ሳህኑን ሳያይ ወሰደው።

ዓርብ ስልኩ ሁለቴ ጠራ፤ ቁጥሩ አልቆመም። ጓደኛው ጋ ኮል አድርጎ «አገኘሁት!» ሲለው ሰማሁ። አገኘሁት። ለእኔ ምንም አላለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን አስነስቶ ጠበቀኝ፤ በእግርሽ ያለኝ ሰው እሱ እንዳልሆነ ሁሉ። ቤድፎርድ ደረስን። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ ሳንቲም እጄ ላይ አስቀመጠ።

«ስትጨርሺ ሁለቴ ደውለሽ ዝጊ።»

ፈተናው ሂሳብና ንባብ ነበር። ንባቡ ከበደኝ፤ የቻልኩትን ጻፍኩ። ሲያልቅ ኮሪደሩ ላይ ካለው ስልክ ደወልኩ። አንዴ ጠራ። ሁለቴ ጠራ። ቁልፉን አንስቶ ወደ በሩ ሲሄድ በዓይኔ ታየኝ። አልዘጋሁም። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። በስምንተኛው ተነሳ፣ ሳንቲሙ ወደ ስልኩ ሆድ ወረደ።

«ሃሎ? አንቺ ነሽ? ስምንት ጊዜ ጠርቶ አልቆመም እኮ! እየቆጠረ ነው!»

ደስ ብሎታል። ለማሽኑ።

«አልነካሽም በለኝ» አልኩት።

«ምን?»

«ማሽኑን አልነካሽም በለኝ።»

«በዚህ ስልክ ላይ? መጣሁ አልኩሽ፣ መኪና ውስጥ...»

«አሁን በለኝ። እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ።»

ከኋላዬ አንዲት ሴት ስልኩን ትጠብቅ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቅርታ ብዬ ገለል እልላት ነበር። ጀርባዬን ሰጥቻት ቆምኩ። በስልኩ ውስጥ የማሽኑ ማራገቢያ ይሰማኛል።

«አልነካሽም» አለ በፍጥነት፣ ትኩስ ነገር ከአፉ እንደሚተፋ ሰው። «ኦኬ? አሁን በየትኛው በር ነሽ?»

በዋናው በር አልኩትና ስልኩን ዘጋሁ።