ለእናቴ የመጣው መጽሐፍ

ዛሬም የትም ቦታ ድምፅ ማጉያ «እፍ፣ እፍ» ተብሎ ሲሞከር ከሰማሁ የመካነ ሰላሙ የቀበሌያችን አዳራሽ ፊቴ ላይ ድቅን ይልና ንዴቴ ይነሣል። በደርግ ዘመን እሑድ እሑድ፣ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ እህል ሳይቀምስ፣ ስብሰባ እንጠራ ነበር። ካድሬው ስለ ብሔረሰቦች እኩልነት ሲናገር ግማሹ ሰው ያንቀላፋ ነበር፤ እናቴ አያንቱ ግን አንዲት ቃል አታመልጣትም ነበር። አባቴ ለከብት ንግድ ከሚሴ ወርዶ ነው ያገባት፤ ከእኛ ጋር አማርኛ፣ ለብቻዋ ስትሆን ኦሮምኛ ታወራ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ካድሬው «ማንኛውም ብሔረሰብ በቋንቋው የመማር መብት አለው» ቢል፣ ብድግ ብላ «የኔስ መቼ ይጀመራል?» አለችው። እሱም አጨበጨበላትና «የመሠረተ ትምህርቱን መጽሐፍ በኦሮምኛ ከደሴ እናስመጣለን፣ ጓድ አያንቱ» አላት።

ክረምቱን ሙሉ ጭቃ እያቦካች ቀበሌ ተመላለሰች። አንድ ቀን መንገዱ ተበላሽቷል፣ ሌላ ቀን ኃላፊው የሉም ይሏት ነበር፤ በመጨረሻም «ለአንድ ሰው አስተማሪ አይመደብም» አሏት። አባቴ «ተይ አንች ሴት፣ በአማርኛው ተማሪ» ሲላት «መብት አለሽ ያሉኝ እነሱ! እኔ መች ጠየቅኋቸው?» ብላ ትነድ ነበር።

መስከረም ጠባና ለአብዮት በዓል ከደሴ ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ያኔ አስታወሷት። የሰው ቀሚስ ተውሰው አልብሰው፣ እንግዳውን በቋንቋዋ እንኳን ደህና መጡ እንድትል መድረክ አወጧት። እሷም ማጉያውን ተቀብላ በኦሮምኛ «መጽሐፉ አልመጣም፤ ክረምቱን ሙሉ ሲዋሹኝ ከረሙ» አለች። ለብቻዋ ስታወራ እየሰማሁ ያደግሁት እኔ ገባኝና ክው አልሁ። እንግዳው ግን ፈገግ ብሎ አጨበጨበ፣ ካድሬውም ተከትሎ አጨበጨበ። ከእኔ ሌላ የከሚሴ ተወላጅ የነበረው የእንግዳው ሾፌር ብቻ ገብቶት ሲስቅ ቆይቶ፣ ስንወጣ ተጠጋትና «አብሽሪ እቴ፣ እኔው አመጣልሻለሁ» አላት።

እውነትም ገብሱ ሲታጨድ ቀጭን መጽሐፍ ይዞላት መጣ። በእኛው ፊደል የተጻፈ ስለነበር፣ አራተኛ ክፍል የነበርሁት እኔ አነበብሁላት። አብዮቱ ይለምልም ይላል፤ ብሔረሰቦች እኩል ናቸው ይላል፤ ምርት እናሳድግ ይላል። እናቴ በትዕግሥት ሰምታ ሰምታ «ይኸንንማ በአማርኛ ነግረውኛል!» ብላ ጮኸች። «ስለ ላም፣ ስለ ዝናብ የሚያወራ የለውም?»

እስከ መጨረሻው ገልጬ «የለውም» አልኋት።

«እንግዲያስ ፊደሉን ብቻ አስተምሪኝ፤ ወሬውን እኔ አውቃለሁ።»

ፋሲካ ሳይደርስ በመጽሐፉ ጀርባ ባዶ ገጽ ላይ የእናቷን ላሞች ስም በሙሉ ጻፈች።

ዛሬ ከሚሴ ያሉ ልጆች በዚያ ቋንቋ ይማራሉ። መጽሐፋቸውን አይቼዋለሁ፤ በሥዕሉ ላምም ዝናብም አለበት፤ ፊደሉ ግን የላቲን ነውና እኔ አላነበውም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤታችን ውስጥ ኦሮምኛ የሚያወራ የለም። ለእኔ የሚመጣልኝ ልጆቼን ስቆጣ ብቻ ነው፤ እነሱም የምሬን መናደዴን የሚያውቁት በዚያ ነው።