እህቴ በቆርቆሮ ላይ

ቀበሌያችን ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታፔላ ሲያሠራ መጀመሪያ የተመረጥሁት እኔ ነበርሁ። ይህን የማወራው ለመመጻደቅ አይደለም፤ እንዲያውም ያፈርሁበት ነገር ነው። የሴቶች ማኅበሩ የፈለገው ደብተር ይዛ ቀና ብላ የምታይ ተማሪ ነበር። ከሥሯ «ይህች ልጅ ቀና ብላለች። ያንቺስ ልጅ?» ተብሎ ይጻፋል። እናቶች አይተው ሆዳቸው እንዲባባ፣ ሴት ልጆቻቸውንም ትምህርት ቤት እንዲልኩ ነው ነገሩ።

ሠዓሊው በዘጌ ገዳማት ቅዱሳንን ሲሥሉ ያረጁ፣ አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ግን የሱቅና የቀበሌ ታፔላ እየጻፉ የሚተዳደሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሐይቁ ዳር ከዋርካው ሥር ቆርቆሯቸውን አስደግፈው በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ። በኛ ቤት ጨዋ ልጅ ማለት አንገቷን የደፋች ናት፤ እናቴ ጠዋት ማታ «ዓይንሽን ሰበር አድርጊ» ስትለን ነው ያደግነው። ሽማግሌው ቀና በይ ባሉኝ ቁጥር ወደ ውሃው፣ ወደ ታንኳዎቹ እዞርባቸዋለሁ። በመጨረሻ ብሩሻቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ በጎንሽ ከሣልሁሽ የሚወጣልሽ አንድ ዓይን ነው። በቤተ ክርስቲያን በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ። ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ይሁዳ በአንድ ዓይን ነው የሚሣሉት። ማልቀስ ጀመርሁ። ከኋላዬ ቆማ ትስቅ የነበረችው ታላቅ እህቴ፣ «ተነሽ እስቲ፣ አንገት ደፊ አገር አጥፊ» ብላ ከበርጩማው አስነሣችኝና ራሷ ተቀመጠች። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሽማግሌውን ትክ ብላ አየቻቸው፤ እሳቸውም ብሩሻቸውን አንሥተው መሣል ያዙ።

ታፔላው ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በሚወስደው መንገድ ዳር ተተከለ። እናቴ ፋብሪካው ውስጥ ስለምትሠራ በየቀኑ ታልፍበታለች። መጀመሪያ ሰሞን፣ ልጄን ዓይኗን አስፈጥጠው ላላፊ አግዳሚ ሰቀሏት ብላ ሠዓሊውን ሳይቀር ረገመች። እህቴ ግን ከዚያ ወዲያ ሥዕሏን ለመምሰል የማለች ትመስል ነበር። ክፍል ውስጥ እጇን ታወጣለች፤ ስብሰባ ላይ ተነሥታ ትጠይቃለች። የሠፈሩ ሴት ልጆች እሷን እያዩ ቀና ማለት ጀመሩ። እናቴ ራሷ ከፈረቃ ስትወጣ መሠረተ ትምህርት ገባች። እኔን ቅናት ይበላኝ ነበር፤ ያ ቦታ የኔ ነበራ።

አንድ ቀን የወጣቶች ስብሰባ ላይ፣ የታሰሩት ተማሪዎች የት እንደደረሱ ጠየቀች። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው አይጠየቅም። ስሟ ተይዟል የሚል ወሬ ሲመጣ፣ ወደ ጎርጎራ በሚሻገረው ጀልባ ተሳፍራ ሄደች፤ ከዚያ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን እንደምታልፍ ነግራኛለች። ወደቡ ድረስ የሸኘኋት እኔ ብቻ ነኝ። «እማዬን ቀና ብለሽ ንገሪያት፤ አታልቅሺባት» አለችኝ። እኔ ግን የነገርኋት መሬት መሬት እያየሁ፣ እያለቀስሁም ነው።

ቤታችን ውስጥ የእህቴ አንድም ፎቶግራፍ አልነበረም። እናቴ ከፈረቃ ስትመለስ ታፔላው ሥር መቆም አመጣች። ፊደል ከቆጠረች በኋላ በመንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበችው እሱን ነው። አጠገቧ ቆሜ ሳለሁ፣ በጣቷ እየተከተለች «ያንቺስ ልጅ» አለች። እጇን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኋት።

ዓመት ሳይሞላ ቀበሌው ሥዕሉን በነጭ ቀለም አስደፍኖ ስለ ምርት ሊጽፍበት መሆኑ ተሰማ። እናቴ የፋብሪካ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄደች፤ ተከተልኋት። ሊቀ መንበሩ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሰው የሚያነጋግር ዓይነት ነው። ቆርቆሮው የሕዝብ ንብረት ነው፣ ሂጂ አላት። እናቴ አልሄደችም። ነጠላዋን አስተካከለችና ዓይኑን እያየች ተናገረች።

«ጓድ፣ ‹ያንቺስ ልጅ› ብላችሁ ጽፋችኋል፤ አንብቤዋለሁ። የኔ ልጅ እሷ ናት። መልኳን የማይበት ሌላ የለኝም።»

ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አገላበጠ። ከዚያ፣ ምትክ ቆርቆሮ ካመጣሽ ውሰጂው አላት። በማግሥቱ ከማድ ቤታችን ጣሪያ ላይ አንዱን ነቅለን አስረከብን። ያን ክረምት ማድ ቤቱ ሲያፈስ ከረመ፤ እናቴ አንድም ቀን አላማረረችም። የእህቴን ቆርቆሮ ከአልጋዋ ትይዩ አቁማ፣ እስክታርፍ ድረስ ፊቷን ወደሱ አዙራ ነው የተኛችው።

እህቴ አልተመለሰችም፤ ደብዳቤም አልመጣ። ቆርቆሮው አሁን እኔ ቤት ነው። ደብተሩን ዝገት በልቶታል፤ ሁለቱ ዓይኖች ግን አሉ። እኔ አያት ሆኛለሁ፣ እሷ ገና ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ናፍቆቷ ሲብስብኝ ከፊቷ በርጩማ ስቤ እቀመጣለሁ፤ ወደ ጎንም አልዞርም። የምነግራት ሁልጊዜ ያንኑ የቀበሌውን ቀን ነው። እናታችን ቀና ስትል እኔ አየሁ፤ እሷ አላየችም።