የባለጭምብሉ የአንድ ደቂቃ ትምህርት

ማስተር ጭምብሉን ብቻውን ማሰር አይችልም ነበር። ከኋላ አራት መንጠቆ አለው፤ ማጅራት ላይ ያለው ደግሞ ጠማማ ስለሆነ የለመደ እጅ ይፈልጋል። የለመደው እጅ የኔ ነበር። አሁን ጭምብሉን የሚለብሰው ሌላ ሰው ነው፤ የማስተርን ማጅራት ግን አሥራ አንድ ዓመት ከሚስቱ ይልቅ እኔ አውቀው ነበር። ሽበት መጀመሩን የነገርኩትም እኔ ነኝ። የልጆች ፕሮግራም አልባሳት ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው፤ ስቱዲዮው ውስጥ «እትዬ መርፌ» ይሉኛል። መርፌ ከከንፈሬ ስለማይለይ ነው እላለሁ፤ እነሱ ግን በምላሴ ምክንያት ነው ይላሉ።

ማስተርን መንገድ ላይ ብታዩት ቆጣሪ አንባቢ ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። አጭር፣ ቀጭን፣ ሲናገር ጆሮ ማስጠጋት የሚያስፈልገው ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ባለች አዳራሽ ማርሻል አርት ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ እኛ ጋ ይመጣል። በተከታታይ ድራማው ላይ ፊቱን አሳይቶ የሚናገረው መልከ መልካም ተዋናይ ሌላ ነው። ጭምብሉ ከተጠለቀ በኋላ ከጣሪያ የሚዘለው፣ በመስኮት የሚገባው፣ አራት ሌባ አንድ ላይ የሚዘርረው ግን ማስተር ነው። ተዋናዩን መንገድ ላይ ልጆች ይከቡታል፤ ማስተር ያበጠ ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ይሄዳል። አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁም። የማማርርለት እኔ ነበርኩ።

አንድ ነገር ብቻ የራሱ ነበረው። በድራማው በየክፍሉ መጨረሻ ላይ ባለጭምብሉ አንድ ልጅ አጠገቡ አቁሞ ለአንድ ደቂቃ ራስን መከላከል ያስተምራል። ይህ ሥራ ሲሰጠው ደስታውን መደበቅ አቃተው። አዳራሹ ውስጥ ለተማሪዎቹ የሚነግረውን ይዞ መጣ፦ ሰው ከያዛችሁ መጀመሪያ ጩኹ፣ የፈለገውን ወርውሩለት፣ ከዚያ እግሬ አውጪኝ በሉ። አዘጋጃችን ሳቀበት።

«ጀግና ይሮጣል እንዴ ማስተር? ልጆቹ ቻናል ይቀይሩብናል። የአንዷን ልጅ እጅ ትይዛለህ፣ ታመልጥሃለች፤ አለቀ።»

ስለዚህ ትምህርቱ የእጅ ማስለቀቅ ሆነ። አንድ፦ የያዘሽን ሰው አውራ ጣት ፈልጊ። ሁለት፦ እጅሽን ወደዚያው አዙሪ። ሦስት፦ ንጠቂ። የመጀመሪያው ቀን የመጣችው ልጅ የዘጠኝ ዓመት ከሲታ ነበረች። ማስተር እንደሚያውቀው አድርጎ ያዛት፤ ነጠቀች፤ እጇ አልወጣም። ሰባት ጊዜ ተቀረጸ፣ ሰባቴም አልወጣም። መብራቱ ያቃጥላል፣ አዘጋጁ ይጮኻል፣ የልጅቷ ዓይን እንባ ሞልቷል። በስምንተኛው፣ እኔ ክር ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፣ ሦስት ሲባል የማስተር አውራ ጣት ትንሽ ከፈት አለ። የልጅቷ እጅ ሹልክ ብሎ ወጣ። አጨበጨብን፤ እሷም ዘለለች፤ ማስተርም ሳቀ። አዝኖላት ነው እንጂ ማንንም ላታልል ብሎ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ አሠራር ሆነ። ሦስት ሲባል አውራ ጣት ይከፈታል፣ በአንድ ቀረጻ ያልቃል፣ ሁላችንም በጊዜ ወደ ቤታችን እንገባለን። ትምህርቱ ደግሞ ያለ ድምፅ ነበር የሚቀረጸው፤ ሙዚቃውና የተራኪው ድምፅ በኋላ ይገባበታል። ከንፈር ሲንቀሳቀስ ምስሉ ስለሚበላሽ ልጆቹ «አፋችሁን ግጥም አድርጉ» ይባላሉ። በዚህ ሁሉ ዓመት ስንት ልጅ አፉን ዘግቶ ከማስተር እጅ እንዳመለጠ እግዜር ይወቀው።

አንድ ቀን መንጠቆውን እያሰርኩ፣ «ለመሆኑ እውነት ይሠራል?» አልኩት።

«እኩያ ለእኩያ ከሆነ አንዳንዴ» አለኝ። «ልጅ ለአዋቂ ከሆነ ግን… እትዬ፣ እስቲ የታችኛውን ያጥብቁልኝ።»

አጠበቅኩለት። ሌላ አልጠየቅኩም።

ባለፈው ዓመት አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ከሱቅ ስትመለስ፣ የሚኖሩበት ፎቅ ደረጃ ላይ አንድ ሰው እጇን ያዛት። የፈለገው የያዘችውን የእናቷን ስልክ ነበር። ብትሰጠው ይሄድ ነበር። እሷ ግን ስልኩን በሌላው እጇ ከኋላዋ ደብቃ በሆዷ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ነጠቀች። አልወጣም። ደገመች። ሠለሰች። ሰውዬው ተናደደና ወረወራት። አሥራ ስድስት ደረጃ ተንከባለለች፤ ከወገቧ በታች በድን ሆነ። እዚያው ፎቅ ላይ ሁለት በር ክፍት ነበር። አንደኛው ቤት ውስጥ አንዲት ሴትዮ ድንች ትልጥ ነበር፤ ልጅቷ እስክትወድቅ ድረስ ኮሽታ እንኳ አልሰማችም።

አዘጋጃችን ወሬው ሲደርሰው ዓይኑ በራ። «በኛ ትምህርት ሌባ የታገለች ጀግና!» አለ። ባለጭምብሉ ሆስፒታል ሄዶ ሊጠይቃት፣ ካሜራም ሊከተለው ሆነ። እኔም ለመንጠቆው አብሬ ሄድኩ።

ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው፤ የሷ መስኮቱ ሥር ነው፤ እናቷ አጠገቧ ተቀምጣለች። ባለጭምብሉን ስታይ እንደ ሌሎቹ ልጆች አልፈነጠዘችም፤ አፈረች። አንሶላውን እስከ አገጯ ሳበችው።

«ይቅርታ» አለችው።

«ለምኑ?» አለ ማስተር።

«አበላሸሁት። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አልወጣልኝም። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ማስተር ወደ አልጋው ጠጋ ብሎ፣ «ጮኸሽ ነበር?» አላት።

«ኧረ አልጮኽኩም! አፌን ዘግቼ ነው የሠራሁት፣ ልክ እንደ ልጆቹ።» ይህን ስትል ኮራ አለች።

ካሜራው ይቀርጻል፤ አዘጋጁ ከኋላ ሆኖ «መልስላት» እያለ በእጁ ምልክት ይሰጠዋል። አዘጋጁም፣ ካሜራማኑም፣ እኔም ስለ አውራ ጣቱ እናውቃለን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ ሁላችንም የሱን አፍ እንጠብቃለን።

«ሁለት ላይ… ትንሽ ዘግይተሻል» አላት።

«አላልኩሽም እማዬ!» አለች ወደ እናቷ ዞራ። «ዘግይቼ ነው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስንመለስ ማስተር መኪናውን አስቁሞ ወረደና ግንብ ሥር አስመለሰ። አዘጋጁ «ሙቀቱ ነው» አለ። እኔ ውሃ አቀበልኩት። ያቺ «ሁለት ላይ ዘግይተሻል» የምትለው ቃል በሳምንቱ በቴሌቪዥን ተላለፈች፤ ከሥሯም ለስለስ ያለ ሙዚቃ ተደርጎባታል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የልጅቷ እናት ስቱዲዮው በር ላይ መጣች። ቢሮ የምታጸዳ ሴት ናት፤ የሥራ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም። «ባለጭምብሉን ጥራልኝ» ስትለው ዘበኛው ተዋናዩን ትቶ ማስተርን ጠራላት፤ ዘበኛ የማያውቀው ነገር የለም።

«ወንድሜ፣ ልጄ እህል አልቀምስ አለች» አለችው። «ቀኑን ሙሉ እጄን ያዙኝ ነው። ነርሷን፣ በሽተኛውን፣ ጠያቂውን ሁሉ። ጠበቅ አድርጌ ስይዛት አይወጣም፣ ታለቅሳለች። አሳዝናኝ ስለቃት ደሞ ‹ለቀሽልኝ እኮ ነው› ብላ ይብስባታል። እጇ አብጧል፤ ሐኪሙም ተቆጣን። አንዴ መጥተው ይበቃሻል ይበሏት፣ የርስዎን ትሰማለች።»

በማግሥቱ ያለ ካሜራ ሄድን። ታክሲው ውስጥ ጭምብሉን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ «እትዬ፣ ዛሬ እነግራታለሁ» አለኝ። «ጠበቅ አድርጌ እይዛታለሁ። እንደማይወጣ ራሷ ታየዋለች። ያኔ ይሄን አወልቅና ጥፋቱ የኔ ነው እላታለሁ።»

«አሁኑኑ ፊትህን አሳይተህ ለምን አትነግራትም?»

«ያለሱ ማን ብላ ታምነኛለች?»

«አዘጋጁ ከሰማ ሥራህን እርሳው።»

«እረሳዋለሁ» አለ። ወንድ የሚባል ብዙ አልብሻለሁ፤ የዚያን ቀን ያህል ያከበርኩት የለም። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አራቱንም መንጠቆ አሰርኩለት።

«እውነቱን ላሳይሽ ነው የመጣሁት» አላት ልጅቷን፣ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ። «እጅሽን ስጪኝ።»

ሰጠችው። ያበጠ፣ ዳር ዳሩ የጠቆረ ትንሽ እጅ ነው። ማስተር ያዘ። የእውነት ነው የያዘው፤ የእጁ ጅማት ሲገታተር አየሁ። እናትዮዋ ግርጌዋ ቆማለች። ልጅቷ አፏን ገጠመችና በአገጯ ቆጠረች፤ አንድ፣ ሁለት።

ሦስት ላይ አውራ ጣቱ ተከፈተ። ዋሽቼ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እሱ አልከፈተውም። አሥራ አንድ ዓመት ሦስት ሲባል የሚከፈት ጣት ነው፤ የለመደውን አደረገ። ማስተር ባዶ እጁ ላይ አፍጥጦ ቀረ።

ልጅቷ መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ ስድስቱም አልጋ እስኪደነግጥ ጮኸች። «ወጣ! እማዬ ወጣ! እሱ እኮ እንዳንቺ አይለቅም! አጥብቆ ነበር የያዘኝ፣ አየሽ አይደል?»

እናትዮዋ ተንበርክካ ያንን በፋሻ የተጠቀለለ የማስተርን ጉልበት አቀፈች። ልጄ ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው እያለች ታለቅሳለች። ጎረቤት አልጋዎች አጨበጨቡ።

«ቆይ… አይደለም» አለ ማስተር። «እንደገና ልያዝሽ።»

እጇን ብብቷ ሥር ሸጎጠች። «እንቢ! ይበላሽብኛል።» ከዚያ ደስታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ጠየቀችው፦ «ያን ቀን እንደዚህ ብሠራው ኖሮ አልወድቅም ነበር፣ አይደል? ጥፋቱ የኔ ነበር፣ አይደል?»

እናትዮዋ ቀና ብላ አየችው። እሱ ደግሞ ዞሮ እኔን አየኝ። ጭምብሉ ውስጥ የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው፤ እርጂኝ እንደሚለኝ ገብቶኛል። ሰው ሁሉ በምላሴ የሚፈራኝ እኔ፣ የዚያችን ሴት ፊት አየሁና አንገቴን ደፋሁ። እስከ ዛሬ ራሴን የምጠላው ለዚያች ደቂቃ ነው።

«አዎ» አላት ማስተር።

ኮሪደር ላይ መንጠቆውን ፈታሁለት። ከውስጥ የልጅቷ ድምፅ ይሰማል፤ አጠገቧ ለተኛችው ልጅ በደስታ እያስረዳቻት ነው። «ሌባው እኮ ምንም አልነበረም» ትላታለች። «እኔ ነኝ ዘግይቼ እግሬን ያጣሁት።»